ዋይፋይ ሞልቶ ኢንተርኔት ሲጠፋ

«ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ለምን አይሠራም?» የቤት ኢንተርኔት ያስገባ ሁሉ አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። ከጥያቄው ሥር ያለው እምነት ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ናቸው የሚለው ነው። አይደሉም። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክዎ ድረስ ብቻ የሚሄድ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ስልኩ ላይ የሚታየው ምልክትም ይህ ሞገድ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚደርስ እንጂ ከራውተሩ ወዲያ ያለውን አይናገርም። የውጭው መስመር ተበጥሶ ቢያድር እንኳ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል መዞር ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም።

ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ግን «ሪሴት አድርገው፣ ይስተካከላል» የሚለው ምክር ነው። ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ። ሶኬቱን ነቅሎ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መልሶ መሰካት ምንም አይጎዳም፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል፤ ምክንያቱም ራውተሩ የተጨናነቀውን ሁሉ አራግፎ ኢንተርኔቱን ከሚያቀርበው ኩባንያ ጋር እንደ አዲስ ይገናኛል። እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ነው። ሪሴት የሚደረገው ደግሞ በራውተሩ ጀርባ ወይም ጎን ባለች፣ የመርፌ ጫፍ ብቻ በምታስገባ ቀዳዳ ነው። በውስጧ ያለው ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ሲጫኑት መሣሪያው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የዋይፋዩ ስምና ፓስዎርድ ብቻ ሳይሆን ቴክኒሻኑ መስመሩን ሲያስገባ የሞላው የደንበኛው ዩዘርኔምና ፓስዎርድም አብሮ ይጠፋል። ኩባንያው ከርቀት መልሶ የሚሞላላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ በሌሎቹ ላይ ግን መስመሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኢንተርኔት አይኖርም። በአንድ ሰዓት ይመለስ የነበረው ነገር ቴክኒሻን ጥበቃ የሚሆነው እንዲህ ነው። ዩዘርኔሙና ፓስዎርዱ ተጽፎ በእጅዎ ካልተገኘ ያቺን ቀዳዳ አይንኳት፤ ልጆችንም ያስጠንቅቁ።

«መብራቱ በርቷል፣ ደህና ነው» የሚለውም ያሳስታል። የትኛው መብራት? የፋይበር መስመር ያለው ሰው «ሎስ» (LOS) የተጻፈበትን ይይ። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከስልክዎም ከዋይፋዩም አይደለም። ያን ጊዜ ቀጭኑን ገመድ ከግድግዳው እስከ ራውተሩ በዓይንዎ ይከተሉት። ውስጡ የመስታወት ክር ነው። ሶፋ ተገፍቶ ከተጫነው፣ ወይም ተርፏል ተብሎ ጥብቅ አድርጎ ከተጠቀለለ፣ ብርሃኑ በእጥፋቱ ላይ ያመልጣል። ክብደቱን ማንሳትና ጥቅሉን ማላላት ብቻውን ሊያስተካክለው ይችላል። ገመዱን ግን ነቅለው ጫፉን አይመልከቱ፤ የሚመጣው ብርሃን ለዓይን የማይታይ ሌዘር ነው።

በመዳብ የስልክ መስመር ለሚጠቀም «ዝናብ ኢንተርኔት ያጠፋል» የሚለው አባባል እውነትነት አለው። ውኃ በሽቦ መጋጠሚያዎች ውስጥ ሲገባ መስመሩ ይዳከማል። የቤት ስልኩን አንስቶ ማዳመጥ ነው፤ የሚንሿሿ ድምፅ ካለ ወይም ቶን ከሌለ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ጨርሶ አልበራ ካለም «ተቃጠለ» ብሎ ለመጣል አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አዳፕተሩ ነው። ሲተካ የቮልቱ ቁጥር ራውተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ የሌላ ዕቃ አዳፕተር መሰካት ደህናውን ራውተር ሊያቃጥል ይችላል።

የሁሉም ሰው ስልክ እየሠራ የአንዱ ብቻ እምቢ ሲል «ራውተሩ የኔን አይወደውም» ይባላል። እዚህ ላይ በእኛ አገር ጎልቶ የሚታይ ምክንያት አለ፤ የስልኩ ቀን። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ መልሶታል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው፣ ስልኩ ሰርተፍኬቱን ገና ሥራ ያልጀመረ አድርጎ ይቆጥረውና ገጹን አልከፍትም ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቀኑን አውቶማቲክ ማድረግ ይበቃል፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳዩ አፖች ስላሉ ምንም አይቀርብዎትም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተመለሰ፣ የክፍያው ጊዜ አለማለፉን አረጋግጦ ወደ ኩባንያው መደወል ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994። «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት ይልቅ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና በሁሉም ስልኮች ላይ መሆን አለመሆኑን ይንገሩ። «ሎስ ቀይ ነው» ከተባለ ቴክኒሻኑ የፋይበር መለኪያውን ይዞ ሊመጣ ይችላል።