እባብ መንጋጋው ይወልቃልን?

ዘንዶ የሚዳቋ ግልገል ሲውጥ ያየ ሰው «መንጋጋውን አውልቆ ነው» ብሎ ይምላል። ተማሪዎቼም ይህንኑ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ እባብ ሲውጥ ከራሱ የሚወልቅ አንድም አጥንት የለም። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል፤ ለመረዳትም ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በካናዳ፥ ጆጊንስ በሚባል የባሕር ዳር ገደል፥ ወደ ድንጋይነት በተለወጠ የዛፍ ጉቶ ውስጥ ሃይሎኖመስ የተባለ እንስሳ ዐፅም ተገኝቷል። ከጥንታውያን ተሳቢዎች አንዱ ሲሆን፥ ቁመቱ ከእንሽላሊት እምብዛም አይበልጥም። የራስ ቅሉ ጐን እንደ ሣጥን የተዘጋ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን በአብዛኞቹ ተሳቢዎች ከዓይን በስተኋላ፥ በየጐኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተከፈተ፤ በእነዚህም ዙሪያ የመንጋጋ ጡንቻዎች ይያያዛሉ።

አዞ ቀዳዳዎቹን ከነድንበራቸው ጠብቆ፥ ቅሉን እንደ ምሽግ አጠነከረ። የጫሞ ሐይቅ አዞ አፉን የሚዘጋበት ኃይል እጅግ ብርቱ ነው፤ የሚከፍትበት ጡንቻ ግን ደካማ ስለ ሆነ፥ አንድ ገመድ አፉን ጠፍሮ ለመያዝ ይበቃል። (እርግጥ ነው፥ ገመዱን የሚያስር ደፋር ከተገኘ!) ማኘክም ስለማይችል፥ ሥጋውን ነክሶ ሰውነቱን እያሽከረከረ ይገነጥለዋል።

የእንሽላሊት ወገን ሌላ መንገድ ያዘ። የታችኛውን ቀዳዳ ከሥር የሚዘጋው አጥንት ጠፋ፤ እባብም የላይኛውን ድንበር ጭምር ጣለ። ይህ በአንድ ጊዜ የሆነ አይደለም። በአርጀንቲና የተገኘው ናጃሽ የሚባለው እባብ፥ ከ90 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኋላ እግሮች ነበሩት፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2019 የታተመ ጥናትም፥ የዛሬ እባቦች ያጡት የጉንጭ አጥንት እንደ ነበረው አሳይቷል።

እንግዲህ በዛሬው እባብ ላይ ሁለት ነገር እንመልከት። የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ከፊት ለፊት እንደ እኛ አገጭ አልተጋጠመም፤ በሚለጠጥ ጅማት ብቻ ተያይዟል። ከኋላም መንጋጋውን ከቅሉ የሚያገናኘው አጥንት እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። ስለዚህ አንዱ ጐን ይዞ ሲቈይ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል፤ እባቡ በታደነው እንስሳ ላይ በጥርሱ ይራመዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አፉ እስኪሞላ ድረስ እንዳይታፈንም፥ የአየር ቧንቧውን አፍ ወደ ፊት ገፍቶ ያወጣል።

ዋጋውስ? ቈርጦ መብላት አይችልም፤ ሁሉን እንዳለ መዋጥ ግዴታው ነው። በመዋጥ ላይ ሳለ ጠላት ቢመጣበት፥ ብዙ ጊዜ ለማምለጥ ሲል የዋጠውን ይተፋል። በአፍሪካ፥ በአገራችንም ጭምር፥ የወፍ እንቍላል ብቻ የሚበላ እባብ አለ፤ ጥርስ የለውም ለማለት ይቻላል። እንቍላሉን በጕሮሮው ካሳለፈ በኋላ ወደ ውስጥ በሾሉ የአከርካሪ አጥንቶቹ ይሰብረውና፥ ፈሳሹን ጠጥቶ ቅርፊቱን ይተፋል።

ያ የሚወዛወዘው አጥንት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የአጥቢዎች ጥንታውያን ዘሮችም መንጋጋቸው የሚታጠፈው በዚሁ አጥንት ነበር። ካርል ራይኸርት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1837 የአሳማ ፅንስ መርምሮ፥ አጥንቱ ከጊዜ በኋላ ወዴት እንደ ሄደ አስረዳ፤ አንሶ አንሶ፥ በጆሯችን ውስጥ ያለችው መስፍ መሰል ትንሽ አጥንት ሆኗል። እባብ ሚዳቋ ሲውጥ የሚያወዛውዘው፥ እኛ የትምህርት ቤቱን ደወል የምንሰማበት ነው።