ቡቺን ቀለም ልትቀባው ነው? ቆይ አንዴ

ቲክቶክ ላይ ውሻውን ሮዝ የቀባ ወይም እንደ አንበሳ ጎፈር ያወጣለት ሰው ሳያጋጥማችሁ የቀረ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 በቻይና ታይዦው ከተማ ያለ የእንስሳት ማቆያ «ቻው ቻው» የሚባሉትን ውሾች ጥቁርና ነጭ ቀብቶ ፓንዳ አስመስሎ ለጎብኚ አቅርቦ ነበር። ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተናደደ።

ለእኛ አገር ቀለም አዲስ ነገር አይደለም። በግ ነጋዴ የገዛውን ከሌላው መንጋ ለመለየት ጀርባው ላይ ቀለም ጣል ያደርጋል። ወሎ ውስጥ ለሠርግና ለበዓል ሂና ወይም እንሶስላ የሚሞቀው እጅና እግርማ ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ መካነ ሰላም ያለ አንድ ወጣት «ቡቺንስ ባስውበው ምን አለበት?» ቢል አልገረምም። ግን ቡቺ እጁን ዘርግቶ እንደምትቀመጥ ሙሽራ አይደለም። ይልሳል።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የውሻ ላይኛው ቆዳ ከእኛ በጣም የሳሳ ነው፤ የአሲድነት መጠኑም ከሰው ቆዳ ይለያል። ፀጉሩ ላይ ያደረግነው ነገር ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ አፉ ይገባል። የሰው ፀጉር ማጥቆሪያ ውስጥ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና «ፒፒዲ» የሚባል ኬሚካል አለ። እነዚህ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ዓይን ይጎዳሉ፣ ከተላሱም ይመርዛሉ። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ፒፒዲ የተጨመረበት ነው። የቤት ቀለም፣ የሚረጭ ቆርቆሮ ቀለም፣ «መጀመሪያ ነጣ ላድርገው» ብሎ በረኪና መቀባት በፍጹም አይታሰብም። የተበላሸውን ቀለም በጋዝ ወይም በቤንዚን ለማስለቀቅ መሞከር ደግሞ ከቀለሙ የባሰ ጥፋት ነው።

ንጹሁ ሂናስ? እሱም ቢሆን አይመቸኝም። ቀለሙ እንዲይዝ ለሰዓታት መቆየት አለበት፣ ያን ያህል ሰዓት ሳይልስ የሚቀመጥ ውሻ ያለው ሰው ካለ እጅ ያውጣ። ከያዘ ደግሞ ፀጉሩ አድጎ እስኪቆረጥ አይለቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሱቅ የሚገዛ ተራ የምግብ ቀለም በውሃ አቅጥኖ፣ ወይም ቀይ ስር ፈጭቶ ጨምቆ ውሃውን መጠቀም። ቢጫ የፈለገ እርድ አለለት። ይህ የሚሠራው ነጭ ወይም ነጣ ያለ ፀጉር ላይ ብቻ ነው፤ ጥቁር ውሻ ላይ ድካም ነው ትርፉ። ከስኳር ነጻ የሆነ የጭማቂ ዱቄት ግን ተጠንቀቁ፦ አንዳንዱ ውስጥ ያለው «ዛይሊቶል» የተባለ ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው።

ከመቀባታችሁ በፊት ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ካከከ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ካበጠ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ደህና ከሆነ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ የጅራቱን ጫፍ ወይም ጀርባውን ብቻ ንኩለት። ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ የጆሮ ውስጥና ቁስል አይነካም። ቡችላም አይቀባም። ሲጨርስ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። በተለይ እኛ ደጋ ላይ ማታ ማጠብ ማለት ውሻውን ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ረፋድ ፀሐይ ላይ ይሁን። ደግሞም ውሻው ከፈራ፣ ካንጎራጎረ ወይም ጅራቱን ከቆለፈ ተዉት። ፎቶው ይቅር።

አሁን ስለ ቀይ ቀለም አንድ ነገር ልበል። ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ የደንቆሮ ጫካ የሚባለውን ይዞ፣ የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ የቀሩትም ከ500 አይበልጡም። ታዲያ ውሻችሁን ቀይ ቀብታችሁ ወደ ፓርኩ ዳር ብትለቁት ከሩቅ የሚያየው ሰው ማን ነው ይበል? ይህ እንኳ ቀልድ ነው። ቀልድ ያልሆነው፣ ቀበሮዎቹን ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኛው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ነው። ባሌ ውስጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተደጋጋሚ የተነሳው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። ከብት ተከትሎ ወደ ግጦሽ የሚወጣው ውሻ ያልተከተበ ከሆነ በሽታውን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው።

ሰውም አልተረፈም። በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት።

እንግዲህ ውሻ ላይ የሚደረግ ቀለም ጥሩ ሥራ የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገሮች የክትባት ዘመቻ ሲደረግ የተከተበው ውሻ ግንባሩ ወይም ጀርባው ላይ ለእንስሳት በተዘጋጀ ቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ወይም ባለቀለም ማሰሪያ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። በአካባቢው ካለው ውሻ ቢያንስ 70 በመቶው ተከትቦ ከሆነ በሽታው ሰንሰለቱ ይቆረጣል፤ ቀለሙ ደግሞ ማን እንደቀረ በአንድ እይታ ያሳያል።

እናም እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ፦ መጀመሪያ ቡቺን ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ፣ ከዚያ የቀይ ስሩ ውሃ። የዘመቻ ቡድን ሰፈር የሚመጣ ከሆነ ግን ሳምንቱን ጅራቱን ሳትነኩ ጠብቁ። ከታቾች ውሻችሁን አይተው «ይሄማ ተከትቧል» ብለው ቢያልፉት፣ ለላይክ ብላችሁ መርፌውን አሳጣችሁት ማለት ነው።