ስልኩ ሳያረጅ

ዶርዜ ላይ የተነሳ የሸማ ጥለት ፎቶ በቴሌግራም ሽሮ ሜዳ ካለ ነጋዴ ዘንድ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሥራውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ርካሽ አንድሮይድ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስክሪኑ ሳይሰነጠቅ፣ ባትሪው ሳይደክም፣ የባንክ መተግበሪያው «ይህ ስልክ አይደገፍም» ብሎ ቁጭ ይላል። ባለቤቱም «ስልኬ አረጀ» ብሎ ለአዲስ መቆጠብ ይጀምራል። ስልኩ ግን አላረጀም፤ ማደሱን ትቶ እጁን የሰበሰበው ሠሪው ነው።

«አንድሮይድ ክፍት ምንጭ አይደል? ማንም ያድሰዋል» የሚል አይጠፋም። ይህ ግማሽ እውነት ብዙ ሰው አሳስቷል። የአንድሮይድ እምብርት የሆነው ሊኑክስ ከርነል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጂፒኤል ፈቃድ ሥር ነው። ስለዚህ ስልክ ሠሪው የከርነሉን ምንጭ ኮድ፣ ራሱ የለወጠውን ጨምሮ፣ ለገዢው የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ገዢው አርባ ምንጭም ይኑር አምስተርዳም። ከርነሉ ላይ የተገነባው አብዛኛው የአንድሮይድ ክፍል ግን በአፓቺ 2.0 ፈቃድ የወጣ ነው። አፓቺ ወስዶ፣ ለውጦ፣ ዘግቶ መሸጥን አይከለክልም። ካሜራውን፣ ኔትወርኩንና ግራፊክሱን የሚያንቀሳቅሱት ሶፍትዌሮች ደግሞ በአብዛኛው ከነጭራሹ ዝግ ናቸው። የቺፑ አምራች እነሱን ማደስ ሲያቆም ክፍቱ ክፍል ብቻውን ሩቅ አይሄድም።

ሩቅ የሄደ አንድ ስልክ ግን አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የኔዘርላንዱ ፌርፎን 2 አንድሮይድ 5 ይዞ ነበር የወጣው። የቺፑ አምራች ኳልኮም ቺፑን ከአንድሮይድ 6 በኋላ አልደግፍም ቢልም ፌርፎን ስልኩን እስከ አንድሮይድ 10 አደረሰው፤ ድጋፉ ያበቃው በመጋቢት 2023 ነው። ለዚህ የበቃው በፈቃደኞች የሚለማውን የአንድሮይድ ዝርያ፣ ላይኔጅኦኤስን፣ ተደግፎ ነው። የዶርዜ ሰው ምስጥ የበላውን የቤቱን ግርጌ እየቆረጠ ቤቱን ለአሥርት ዓመታት እንደሚኖርበት ሁሉ፣ ፌርፎንና ፈቃደኞቹም የተበላውን ትተው የቀረውን አቆሙት።

የጋሞ አንባቢን በቅርብ የሚነካ ሌላም ጉዳይ አለ። የዓለም ፊደላት በኮምፒውተርና በስልክ የሚወከሉበት ደረጃ ዩኒኮድ፣ በ6.0 እትሙ በ2010 እ.ኤ.አ. ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ የሚያገለግሉ ተጨማሪ የግእዝ ፊደላትን አካቷል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፎንት በክፍት ፈቃድ ይዟቸዋል። ያልታደሰ አሮጌ ስልክ ግን በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ይችላል።

ጥፋቱ ሁሉ የሠሪዎች አይደለም። «ዳታ ይበላል» እያሉ አፕዴቱን በየሳምንቱ የሚያሳልፉ አሉ። ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ፋይል ስልካቸውን ፍላሽ አስደርገው የባንክ ምስጢር ቁጥራቸውን የሚያስገቡበትም አሉ፤ እነዚህስ ምን ይባላሉ! ላይኔጅኦኤስም ቢሆን የሚሠራው ለተወሰኑ ሞዴሎች ነው፤ ስልኩን ለእሱ መክፈትም ያለውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል።

ጉግል ከፒክሰል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለ7 ዓመት እናድሳለን ብለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ወዲህ ለሚቀርቡ ስልኮች፣ ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ የ5 ዓመት ማደሻ ይጠይቃል። በርካሽ ስልክ ሳጥን ላይ እንዲህ ያለ ቃል ብዙም አይገኝም።

ስለዚህ ስልክ የምትገዙ ሁሉ፣ ስለ ካሜራው ከመጠየቃችሁ በፊት ሻጩን «እስከ መቼ ይታደሳል?» በሉት። መልስ ካጣ ሴቲንግ ገብታችሁ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር የደኅንነት ማደሻውን ቀን እዩ። ዓመት ያለፈው ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ።