የጓሮ ጎመናችንን ማን ይጠብቅልን?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኤፕሪል ሲጋመስ መቆፈሪያችንን ይዘን ጓሮ መውጣታችን የተለመደ ነው። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙና በሶብላው ይተከላል። በተለይ ከአገር ቤት መጥተው ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ጓሮው ከአትክልትም በላይ ነው፤ ቋንቋውን በማያውቁት አገር ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው ከመዋል የሚገላግላቸው፣ የእኔ የሚሉት ሥራ ነው። ታዲያ ወራት የተደከመበት ቲማቲም ሊቀላ ሲል አንዴ ተነክሶ ተጥሎ ሲገኝ የሚያናድደው ዋጋው አይደለም።

ጥፋተኛዋ ብዙውን ጊዜ ግራጫዋ ስኩዊረል ናት። ብዙዎቻችን ሽኮኮ እንላታለን፤ የአገራችን ሽኮኮ ግን ገደልና ዓለት የሚወድ ሌላ እንስሳ ነው። ስኩዊረል ለብርዱ ወራት የሚሆናትን ፍሬ መሬት ውስጥ ስለምትቀብር፣ አዲስ የተቆፈረ አፈር ስታይ መጫር ትወዳለች። ችግኛችን የሚነቀለውም በዚህ ጊዜ ነው።

አገር ቤት ገበሬው ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍና ዝንጀሮ ይጠብቃል። እኛ ግን ሁለት ሥራ እየሠራን ማማ የምንወጣበት ጊዜ የለንም። ስለዚህ አጥሩ ይጠብቅልን።

"መጀመሪያ የመቀመጫዬን" እንዳለችው ዝንጀሮ፣ ከሁሉ በፊት እንስሳቱን የሚጠራውን ነገር እናጽዳ። የተረፈ እንጀራ ለወፍ ብለን ጓሮ አንበትን፤ ወፏ ሳትጠግብ አይጡ ይደርሳል።

ቀጥሎ ሽቦ ነው። ለስኩዊረል የግማሽ ኢንች ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የሽቦ ወንፊት መደቡን ከላይም ከጎንም ይሸፍን፤ የላስቲክ መረብ በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ለጥንቸል ሁለት ጫማ ከፍታ ያለው የዶሮ ሽቦ ይበቃል። ግራውንድሆግ ጉድጓድ ቆፋሪ ስለሆነ ሽቦው አንድ ጫማ ያህል መሬት ውስጥ ገብቶ ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ዘላዩ አጋዘን ደግሞ ስምንት ጫማ አጥር ይጠይቃል፤ የአካባቢውን የአጥር ከፍታ ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ግን አይዘንጋ።

ጎመኑን የሚበሳው አረንጓዴ ትል ከነጭ ቢራቢሮ እንቁላል የሚፈለፈል ነው። ችግኙ በተተከለበት ዕለት ስስ ነጭ ጨርቅ ብናለብሰው ቢራቢሮዋ አታርፍበትም። ዱባ ግን ሲያብብ ንብ ስለሚያስፈልገው ይገለጥ።

ሚጥሚጣስ? ማቃጠሉ እንደ ስኩዊረል ያሉትን አጥቢ እንስሳት እንጂ ወፎችን አይሰማቸውም። ዝናብ ባጠበው ቁጥር ግን እንደገና መነስነስ ሊኖርበት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሽቦው ይረክሳል።

መርዝ አንሞክር። ናፍታሊን ጓሮ ላይ መበተንም በሕግ የተከለከለ ነው። የምንበላው ጎመን የሚበቅለው፣ የልጅ ልጆቻችንም የሚድኹት እዚያው አፈር ላይ ነው። በወጥመድ ይዞ ሌላ ቦታ መልቀቅም በቨርጂኒያ ሕገ ወጥ ነው። ርኅራኄም አይደለም፤ በ2004 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሜሪላንድ ከመኖሪያ ሰፈር ተይዘው ጫካ ከተለቀቁ 38 ስኩዊረሎች 97 በመቶው በ88 ቀናት ውስጥ ወይ ሞተዋል ወይ ከተለቀቁበት አካባቢ ጠፍተዋል።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቆጥባችሁ ሽቦውን ከእናት ከአባታችሁ ጋር ዘርጉ። ለእነሱ ከጎመኑም የበለጠ ስጦታ ነው። ቸር ይግጠመን።