ባትሪና መኪናን ያግባቡ ሰዎች

ከባሕር ዳር እንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በመራዊና በዱርቤቴ አልፎ ዳንግላ ይገባል፤ ከዚያም በአዲስ ቅዳም በኩል እንጅባራ ይደርሳል። በነዳጅ መኪና ለሚሄድ ሰው ይህ ጉዞ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ባለፈ የኤሌክትሪክ መኪና ለሚሄድ ግን ነገሩ ስሌት ይጠይቃል። ርቀቱ ላይ ዳገት ይጨመራልና። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ።

እስቲ ስሌቱን በመጀመሪያዋ ኒሳን ሊፍ እንሥራው። ይህች መኪና ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነው። የባትሪዋ አቅም 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን ከዚህ ውስጥ ለጉዞ የሚውለው ከ21 እስከ 22 ያህሉ ነው። በረጋ ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈጃለች ብንል 120 ኪሎ ሜትሩ 18 ይወስዳል። ሁለት ሰው ጭና ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ለመውጣት ደግሞ ከ3 የማያንስ ይጨመርባታል። ድምሩ 21 አለፈ። አዲስ እያለች እንኳ እንጅባራ የምትደርሰው ባትሪዋን አሟጥጣ ነው። ባትሪው በእርጅና ሲሶውን ካጣ በኋላ የሚቀረው 15 ያህል ነው፤ ዳንግላ ለመድረስ ብቻ 13 ተኩል ይሄዳል። የቀረችው አንድ ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት አዲስ ቅዳም ድረስ እንኳ የምታስተማምን አይደለችም።

ታዲያ እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ደህና፣ አካሏ ደህና ሆኖ ሳለ ባትሪዋ ስለደከመ ብቻ ትጣል? ወይስ ትልቅ ባትሪ ተገዝቶ ይገጠምላት? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን ዓመታት ፈጅቷል። ከመልሱ ትልቁን ድርሻ ያበረከቱትም የመኪናዋ ባለቤቶችና ከፋብሪካው ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋ የከተማዋ የሊፍ ባለቤቶች ዳሽቦርዱ ላይ ያልጠበቁትን ነገር አዩ። የባትሪውን ጤንነት የሚያሳዩት 12 ትናንሽ መስመሮች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋው ባትሪው 15 በመቶ ያህል አቅሙን ሲያጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እያንዳንዳቸው ከ6 በመቶ ትንሽ በላይ ይወክላሉ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት መኪና ሁለትና ሦስት መስመር ማጣቷ ለባለቤቶቹ አስደንጋጭ ነበር። ቀዝቃዛ በሆኑ ሌሎች ከተሞች ከእነሱ የበለጠ ርቀት የተነዱ ሊፎች መስመራቸው አልጎደለም።

ባለቤቶቹ ቅሬታ በማሰማት ብቻ አላበቁም። በዚያው ዓመት መስከረም ደርዘን ያህል መኪኖች አሰባስበው፣ ሁሉንም ሞልተው፣ በአንድ መንገድና በተመሳሳይ ፍጥነት እስኪቆሙ ድረስ ነዷቸው። ልዩነቱ በግልጽ ታየ። ኒሳንም በበኩሉ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ መኪኖች ጥቂቶቹን በአሪዞና ወደሚገኘው የካሳ ግራንዴ መሞከሪያ ማዕከሉ ወስዶ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይም በአምስት ዓመት ወይም በ60,000 ማይል ውስጥ መስመሩ ከዘጠኝ በታች የወረደን ባትሪ አድሳለሁ የሚል ዋስትና አወጣ።

ጥፋተኛው ሙቀት ነበር። የመጀመሪያዋ ሊፍ ባትሪ የሚቀዘቅዝበት ፈሳሽም ሆነ ማራገቢያ የለውም፤ ታሽጎ ከወለሉ ሥር ተቀምጧል። የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ በአብዛኛው ከሊቲየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተሠራ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ርካሽና ለእሳት አደጋ ብዙም የማይጋለጥ ቢሆንም ሙቀት ሲበዛበት ማንጋኒዙ በትንሽ በትንሹ እየሟሟ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። እዚያም ሊቲየሙን እያሰረ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። አንዴ የታሰረ ሊቲየም ዳግም ኃይል አያመላልስም። ፊኒክስ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትውል ከተማ ስለሆነች ይህ ሂደት እዚያ ፈጠነ። ኒሳን በኋላ ሙቀትን የበለጠ የሚቋቋም የባትሪ ቅመም ሠራ፤ ይህም የበረሃ ኑሮ በሚችለው እንሽላሊት ስም ተጠራ።

የባትሪ ዕድሜ የሚለካው መኪናዋ በተጓዘችው ኪሎ ሜትር ብቻ እንዳልሆነ፣ የኖረችበት አየርም እንደሚወስነው በዚህ ተረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኒሳን በአሜሪካ ምትክ ባትሪ በ5,499 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ አሮጌው ባትሪ ይመለሳል። ይሁንና ምትኩ ያው 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር። በዚህ መሐል አዳዲሶቹ ሊፎች ባትሪያቸው እያደገ መጣ፤ መጀመሪያ 30፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ 40፣ በ2019 ደግሞ 62 ኪሎ ዋት ሰዓት ደረሰ። እነዚህ መኪኖች በግጭት ሲጎዱ ባትሪያቸው ደህና ሆኖ ለመለዋወጫ ገበያ ይወጣል። አሮጌ ሊፍ ያላቸው ሰዎችም ያንን ባትሪ ከራሳቸው መኪና ጎን አስቀምጠው መለካት ጀመሩ።

ያገኙት ነገር አስገራሚ ነበር። የ24ቱ ባትሪ ውስጥ 192 ሴሎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩና 96 ጥንዶች በተከታታይ ይያያዛሉ። የ40ው ባትሪ ውስጥም 192 ሴሎች አሉ፤ አያያዛቸውም ያው ነው። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ባለው ቅመም ላይ ነው። የድሮው ሴል 125 ዋት ሰዓት ሲይዝ አዲሱ ከ200 በላይ ይይዛል። የተከታታዩ ቁጥር 96 ሆኖ ስለቀረ ቮልቱም አልተለወጠም፤ ሁለቱም ሲሞሉ ወደ 400 ቮልት ይጠጋሉ። ሞተሩም ሆነ ቻርጀሩ የሚጠብቁት ቮልት ያው ነው። ክብደታቸው ሁለቱም ወደ 300 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ የውጭ ቅርጻቸውም ይመሳሰላል።

በብረትና በብሎን ደረጃ ነገሩ ያለቀ መሰለ። አሮጌው ወርዶ አዲሱ ከወለሉ ሥር ሲታሰር ግን መኪናዋ የማስጠንቀቂያ መብራት አብርታ አልታዘዝም አለች። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ገመዱ ሁሉ ቦታው ነው፤ መኪናዋ ግን አትሄድም።

የችግሩ ምንጭ ኃይል የሚያልፍባቸው ወፍራም ብርቱካናማ ገመዶች አልነበሩም። ከጎናቸው ባሉት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነበር። በዘመናዊ መኪና ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት ካን ባስ በሚባል መስመር ነው፤ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ሥርዓት ነው። ባትሪው የራሱ ተቆጣጣሪ ቦርድ አለው። ይህ ቦርድ ቮልቱ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ኃይል እንደቀረ፣ ሞተሩ እስከ ምን ያህል መሳብ እንደሚችል ያለማቋረጥ ለመኪናዋ ያሳውቃል፤ አንዳንዱን መልእክት በሰከንድ 100 ጊዜ ይልካል። እያንዳንዱ መልእክት ቢበዛ ስምንት ባይት ነው። በዋና ዋናዎቹ መልእክቶች መጨረሻ ላይም ይዘቱ እንዳልተዛባ የሚመሰክር ማረጋገጫ ቁጥር አለ።

ባለሙያዎቹ ኮምፒውተር ከዚህ መስመር ጋር አገናኝተው ማዳመጥ ያዙ። መኪናዋ ስትነዳ፣ ስትሞላ፣ ስትቆም የትኛው ቁጥር እንደሚለዋወጥ እየተከታተሉ የእያንዳንዱን መልእክት ፍቺ መዘገቡ። ለምሳሌ አንዱ መልእክት የቀረውን ኃይል የሚቆጥረው በ80 ዋት ሰዓት ገደማ እየከፈለ እንደሆነ ደረሱበት። አዲስ የ24 ባትሪ ሲሞላ 281 ይላል፤ በ80 ሲባዛ 22 ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይመጣል። የ40ው ባትሪ ሲሞላ ግን 500 ገደማ ይላል። መልእክቱን የምታነብበት ሥርዓት ለ24 ለተሠራላት መኪና ይህ ቁጥር ባዕድ ነው። ከዚያም ሌላ አዲሱ ትውልድ ባትሪ አንዳንዱን መልእክት የሚጽፍበት አኳኋን ተለውጧል። የአገው ፈረሰኛ ሌላ ሰው ያሠለጠነውን ፈረስ ሲቀበል ጉልበቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ የልጓሙን ምልክት እስኪግባቡ ድረስ እንደሚቸገረው ሁሉ፣ እዚህም የጎደለው መግባባት እንጂ ጉልበት አልነበረም።

መፍትሔ ፍለጋው በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው የአሮጌውን ባትሪ ተቆጣጣሪ ቦርድ ነቅሎ በአዲሶቹ ሴሎች ላይ ማሰር ነበር። መኪናዋ የምታውቀውን ቦርድ ስላገኘች ትሄዳለች፤ ይሁንና ቦርዱ የሚያውቀው 24 ኪሎ ዋት ሰዓትን ብቻ ስለሆነ የቀረውን ኃይል በትክክል መቁጠር ያቅተዋል። ሁለተኛው መንገድ በባትሪውና በመኪናዋ መካከል አንዲት ትንሽ ቦርድ ማስገባት ሆነ። ይህች ቦርድ በአንድ በኩል ከባትሪው፣ በሌላ በኩል ከመኪናዋ ጋር ትገናኛለች። ከባትሪው የመጣውን መልእክት ትቀበላለች፤ የሚስተካከለውን ቁጥር ታስተካክላለች፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን እንደገና አስልታ ወደ መኪናዋ ታሳልፋለች። ሥራዋ በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። በኔዘርላንድስ ሙክሳን የተባለ ድርጅት እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቷል፤ በፊንላንድ ደግሞ ዳላ በሚል ስም የሚታወቅ ባለሙያ ለዚህች ቦርድ የጻፈውን ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ አሰራጭቷል። ኒውዚላንድን በመሳሰሉ፣ ከጃፓን ያገለገሉ ሊፎችን በብዛት በሚያስገቡ አገሮችም ጋራዦች ሥራውን ተያያዙት።

በዚህ መንገድ ባትሪዋ የተተካላት ሊፍ የባሕር ዳርና የእንጅባራን መንገድ ብትይዝ 40ው ባትሪ ለጉዞ ከሚሰጠው 37 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ 21ዱን ታወጣለች። ዳንግላ ሳትቆም እንጅባራ ትገባለች፤ ከ15 በላይ ይተርፋታል። ስትመለስ ደግሞ መንገዱ ቁልቁል ስለሚያደላ ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ኃይል ይመልስላታል። ሥራው ግን ለጀማሪ የሚሰጥ አይደለም። ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ብሎን ከመፈታቱ በፊት መኪናዋ መጥፋት፣ የባትሪው መቁረጫ ሶኬት መነቀል፣ በውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወርድ መጠበቅና በመሣሪያ ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። ለቮልቱ የተሠራ ጓንትና 300 ኪሎ የሚሸከም ማንሻም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ እንጅባራና ዳንግላ ለሚገኙበት ለአዊ ሰው ምኑ ነው? ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአገሪቱ መንገዶች ላይ በፍጥነት እየበዛ ነው። ኤሌክትሪኩም ከራሳችን ውሃ የሚመነጭ ነው፤ ከጣና በዋሻ ወደ በለስ የሚወርደው ውሃ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

የአዊ ደጋ ለባትሪ ምቹ ነው። ፊኒክስ ላይ ባትሪ የገደለው ሙቀት እንጅባራ የለም፤ ያው ባትሪ እዚህ ቢኖር ቀስ ብሎ ባረጀ ነበር። ቢሆንም ያረጃል። በዚያ ላይ ዛሬ ከቻይና የሚገቡት ብዙዎቹ መኪኖች ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ቅመም የያዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በጆን ጉዲነፍ ቤተ ሙከራ ይፋ የሆነው ነው። ሴሉ ብዙ ዓመት ይችላል፤ ቮልቱ ግን 3.2 አካባቢ ነው። በዚህ ሴል የሊፍን አማካይ 360 ቮልት ለማግኘት በ96 ፈንታ 112 ሴል በተከታታይ ማሰር ይጠይቃል፤ ተቆጣጣሪ ቦርዱም ይህን ቅመም የሚያውቅ መሆን አለበት። ስለዚህ ለሊፍ የተገኘው መፍትሔ እንዳለ ለሌላ መኪና አይገለበጥም። የሚወረሰው አካሄዱ ነው። መለካት፣ መልእክቱን ማዳመጥ፣ ፍቺውን መመዝገብ፣ የተገኘውን ለሌላው ማካፈል።

ይህ አካሄድ ደግሞ እዚሁ ሊጀመር የሚችል ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ከኪሎ ሜትሩ በፊት የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ አስለክቶ ይጠይቅ። የእንጅባራና የዳንግላ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለመካኒክ ተማሪዎቻቸው የከፍተኛ ቮልት ደኅንነትንና የካን ባስ ንባብን ያስተምሩ፤ መልቲ ሜትር መያዝ ለሚችል ተማሪ ይህ ሩቅ አይደለም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በዳገታማው መንገዳችን ላይ የሚሄዱ መኪኖችን ፍጆታና የባትሪያቸውን አረጃጀት ከዓመት ዓመት ይመዝግቡ፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ለደጋ አገር ሁሉ ይጠቅማል። አስመጪዎችም የመመርመሪያ ሶፍትዌሩንና የጥገና መመሪያውን ከመኪናው ጋር ያምጡ። የፊኒክስ ባለቤቶች ባትሪያቸው ከደከመ በኋላ ነው መለካት የጀመሩት። እኛ ዘንድ ግን መኪኖቹ ገና አዲስ ናቸው፤ ዐሥረኛ ዓመታቸውን ሲይዙ የሚያክማቸው ባለሙያ ዛሬ መሠልጠን አለበት።