ጣፋጭ መጠጥና የነጋዴው ድርሻ

በእንሴኖ ገበያ እህሉንና በርበሬውን የሸጠ ገበሬ ጥሙን ለመቁረጥ ወደ ሱቅ ጎራ ሲል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ለስላሳ መጠጥ ነው። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ መታሸግ ከጀመረ ወዲህ፣ ይህ ሸቀጥ እስከ ገጠር ከተሞች ድረስ መዝለቁ የታወቀ ነው። ሸቀጡን የሚያስመጣም ሆነ የሚቸረችር ግን የሚያስከትለውን ነገር ጭምር ማወቅ ይገባዋል።

300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ ይኸውም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከ50 ግራም ገደማ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ25 ግራም እንዲያንስ ይመከራል። በመጠጥ የሚገባ ስኳር ሆድ ሳያጠግብ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚሰርጽ፣ ሲዘወተር ለውፍረት፣ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ያጋልጣል፤ ጥርስንም ያበላሻል። 184 አገሮችን የሚመለከትና በ2017 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ምክንያት በስኳር በሽታ ተይዘዋል። ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ አገሮችማ ከአዲስ የስኳር ሕሙማን መካከል ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጠው በዚሁ መጠጥ ሳቢያ የመጣ ነው።

ይህ ሲባል ነጋዴው ሱቁን ይዝጋ ማለት አይደለም። ውሃን ከለስላሳው ጎን ቢደረድር፣ ትንሹን ጠርሙስ ቢያስቀድም፣ ለሕፃናትም ከመሸጥ ቢቆጠብ ገበያው አይጎድልበትም። የታመመ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያውለው ለመድኃኒት ነውና፣ የደንበኛን ጤና መጠበቅ የገዛ ንግድን መጠበቅ ነው።