ከሣጥን ወደ ታብሌት

በምዕራብ ጎጃም እንደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች በጤና ኬላ አሠራር መሠረት ለአንድ ቤተሰብ አንድ ማህደር ይከፈትለታል። ማህደሮቹ የሚደረደሩት በጎጥ ነው። የነፍሰ ጡሯና የሕፃኑ የክትትል ካርድ ደግሞ በ12 ወር በተከፈለ ሣጥን ውስጥ፣ በቀጠሮው ወር ክፍል ይገባል። ወሩ አልፎ ካርዱ እዚያው ከተገኘ ባለቀጠሮዋ ቀርታለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቷ ድረስ ትሄዳለች። ያለ መብራት የሚሠራ አስታዋሽ!

አሁን ይኸው መረጃ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። መተግበሪያው ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፣ ሲገኝ ይልካል።

በዚህ ዝውውር የሚገጥም አንድ ችግር ግን ከፊደላችን ይመጣል። «ኃይሌ»፣ «ሐይሌ»፣ «ሀይሌ» ለሠራተኛዋ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ግን ካልተነገረው በቀር ሦስት ታካሚ ይቆጥራል።